በአኒሜ ውስጥ ያለው ማርሻል አርት ምን ያህል እውነት ነው?

በጁላይ 2025 ጃፓን ውስጥ ለዕይታ የበቃው የ«ዴሞን ስሌየር» ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ገንዘብ ያስገኘ የጃፓን ፊልም አልነበረም። ፊልሙ ሲወጣ የድሮው ክርክርም አብሮ ተነሳ። አንዱ ወገን «ይሄ ሁሉ የልጅ ቅዠት ነው፣ ከማርሻል አርት ጋር ምንም አያገናኘውም» ይላል። ሌላው «የለም፣ እያንዳንዱ ምት ከእውነተኛ ስልት የተወሰደ ነው» ብሎ ይሟገታል። መሀል ላይ ወላጆች አሉ። ልጃቸው በመጥረጊያ እንጨት ሶፋውን ሲጨፈጭፍ ያዩና «ይሄ ነገር ጤና ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለቱም የማያነሱት ነው። ሰው ከመዳፉ የብርሃን ኳስ ይተኩሳል ብሎ የሚያምን ጎረምሳ የለም። ተደብድቦ፣ ደምቶ፣ ራሱን ስቶ የተነሳ ሰው ከበፊቱ ይበረታል የሚለውን ግን ብዙዎች ያምናሉ። አሰልጣኞችም ሳይቀሩ ያምናሉ። የአኒሜ ትልቁ ውሸት እዚህ ላይ ነው፤ ጃፓን ራሷም ዋጋ ከፍላበታለች።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንዳንድ ቃላትን እናጥራ። አኒሜ ማለት ጃፓን ውስጥ የሚሠራ የካርቱን ፊልም ነው። ማንጋ ደግሞ በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ ነው፤ አብዛኛው አኒሜ መጀመሪያ ማንጋ ሆኖ ይታተማል። ጃፓኖች የፍልሚያ ጥበቦቻቸውን በጅምላ ቡዶ ይሏቸዋል። ጁዶ፣ ካራቴ፣ አይኪዶና በቀርከሃ ጎራዴ የሚደረገው ኬንዶ ሁሉም ቡዶ ናቸው። ዶጆ የልምምድ ቤቱ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቡዶ የተባለው ነገር ዕድሜው ስንት ነው?

ቡዶ ከጥንት ሳሙራዮች ሳይነካ ሳይለወጥ የወረደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስልቶቹ ውስጥ በእርግጥ ጥንታዊ ነገር አለ። ዛሬ የምናየው ቅርጽ ግን የዘመናዊቷ ጃፓን ሥራ ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ ውስጥ፣ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍት ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ካኖ በሙያው መምህር ነው። ጁጁትሱ ከሚባለው ከድሮው የትግል ጥበብ አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ከነጻ ግጥሚያ አስወጣ፤ ተማሪ ሳይጎዳ ሊለማመደው የሚችለውን ይዞ ጁዶን ሠራ። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጥቁር ቀበቶም ከእሱ ትምህርት ቤት የወጣ የደረጃ ምልክት ነው።

ካራቴ ደግሞ ከኦኪናዋ ነው የመጣው። ኦኪናዋ የራሱ ንጉሥ የነበረው የሪዩክዩ መንግሥት አገር ነበረች፤ ጃፓን በ1879 ጠቅልላ ያዘቻት። ኦኪናዋዊው ጊቺን ፉናኮሺ ካራቴን ቶኪዮ ላይ ያሳየው በ1922 ነው። ነጩ ልብስና ቀበቶውም ከጁዶ የተወሰደ ነው። ስለዚህ አኒሜ ላይ «የሺህ ዓመት ምስጢር» ተብሎ የሚቀርበው ነገር ብዙ ጊዜ ከባቡር ሐዲድና ከቴሌግራፍ ጋር እኩያ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወታደራዊው መንግሥት ቡዶን ወጣቱን ለጦር ማዘጋጃ አደረገው። በዚያው ዘመን፣ በ1943፣ አኪራ ኩሮሳዋ የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ። ፊልሙ «ሱጋታ ሳንሺሮ» ይባላል፤ ስለ አንድ የጁዶ ተማሪ ነው። ቁጡ ወጣት አለ፣ ጥብቅ መምህር አለ፣ ጨካኝ ተቀናቃኝ አለ። በነፋስ በሚወዛወዝ የሣር ሜዳ ላይ የሚደረግ የመጨረሻ ግጥሚያ አለ። ወጣቱ በአንድ ትዕይንት ጥፋቱን ለመካስ ኩሬ ውስጥ ይዘላል፤ እንጨት አቅፎ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ያድራል። የዛሬ አኒሜ ተመልካች ይህን ፊልም ቢያየው «ይሄንን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ራስን በሥቃይ ማጥራትም ያኔውኑ አብሮ ገብቷል።

ጃፓን ስትሸነፍ አሜሪካኖች ቡዶን ከትምህርት ቤት አስወጡ። ጁዶ የተመለሰው በ1950 ነው፤ ኬንዶ ከዚያም ዘግይቷል። ቡዶ ሙሉ ክብሩን ያገኘው በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው ማለት ይቻላል። ያ ኦሊምፒክ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ነው። አበበ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ኦክቶበር 21 ቀን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ለጁዶ ተብሎ በተሠራው ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ፣ ሆላንዳዊው አንቶን ጊሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈው። ጁዶ የኦሊምፒክ ስፖርት በሆነበት በመጀመሪያው ውድድር፣ በክፍት ክብደት ወርቁ ለውጭ ሰው ሄደ። ለጃፓን ድንጋጤ ነበር። ቡዶ የዓለም ንብረት መሆኑ ግን የታየው ያን ቀን ነው።

ተፋላሚው ለምን እየጮኸ ይመታል?

በአኒሜ ላይ በብዛት የሚሾፍበት ነገር ይህ ነው። ጀግናው ከመምታቱ በፊት የምቱን ስም ሙሉ በሙሉ ይጠራል። ጠላቱ ቆሞ ይሰማል። «እውነተኛ ተፋላሚ የሚያደርገውን ማን ይናገራል?» ይባላል።

የኬንዶ ተጫዋች ይናገራል። በኬንዶ የሚመቱት ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው፤ ራስ፣ የእጅ አንጓ፣ ጎን፣ ከዚያም በጎራዴው ጫፍ የሚወጋው ጉሮሮ ናቸው። ራስ የሚመታው «ሜን!» ብሎ ይጮሃል። አንጓ የሚመታው «ኮቴ!»፣ ጎን የሚመታው «ዶ!» ይላል። ጩኸቱ ለማስፈራራት ብቻ አይደለም። ሦስቱ ዳኞች ነጥብ ለመስጠት ጎራዴው፣ እግሩና መንፈሱ በአንድ ቅጽበት መገናኘታቸውን ማየት አለባቸው። ቀርከሃው በትክክል ቢያርፍም ድምፁ የሞተ ከሆነ ባንዲራቸውን ላያነሱ ይችላሉ። ከምቱ በኋላም ተጫዋቹ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። ነጥብ አገኘሁ ብሎ እጁን ወደ ላይ ቢያነሳ ወይም ቢጨፍር ነጥቡ ይሰረዝበታል። ይህን ደንብ እጅግ እወደዋለሁ። ጎል ካገባ በኋላ ማሊያውን አውልቆ የሚሮጥ ተጫዋች ማየት ለለመደ ሰው ሌላ ዓለም ነው።

ስለዚህ ጩኸቱ ሥር አለው። ርዝመቱና ድምቀቱ ግን የመጣው ከዶጆ አይደለም፤ ከገንዘብ እጥረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። እንቅስቃሴው እንደ ውሃ እንዲፈስ ከተፈለገ በሰከንድ 12 ወይም 24 ሥዕል መሣል ያስፈልጋል። ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 የመጀመሪያውን የግማሽ ሰዓት ሳምንታዊ የቴሌቪዥን አኒሜ ሲጀምር ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ጊዜም አልነበረውም። አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ማቆየት ተለመደ፤ በሰከንድ 8 ሥዕል ማለት ነው። አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። የቆመ ሥዕል ላይ ካሜራውን ማንሸራተት መጣ። ከተፋላሚው ጀርባ የፍጥነት መስመር እየሮጠ እሱ ራሱ አለመንቀሳቀሱ መጣ። አፍ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ረጅም ንግግር ማድረግ መጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥዕል አስቀምጦ ደጋግሞ መጠቀም መጣ፤ ባለሙያዎቹ ባንክ ይሉታል። የጀግናው ልዩ ምት አንዴ በጥንቃቄ ይሣላል፤ ከዚያ በየክፍሉ ያው ሥዕል ይወጣል። ስም ያለው፣ አቋም ያለው፣ ጩኸት ያለው ምት ለባንክ በጣም ይመቻል። ተመልካቹም ይጠብቀዋል፣ አብሮ ይጮሃል። ድህነት የወለደው ዘዴ እንዲህ ሆኖ ጥበብ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት የማንጋ ገበያ ነው። ትልልቆቹ የፍልሚያ ታሪኮች የወጡት በሳምንታዊ መጽሔት ነው። ከሁሉ የገነነው «ሾነን ጃምፕ» በ1994 መጨረሻ ላይ የአንድ ዕትሙ ስርጭት 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ ነበር። መጽሔቱ ውስጥ የአስተያየት ፖስትካርድ አለ። አንባቢ የወደዳቸውን ታሪኮች ጽፎ ይልካል፤ ድምፅ ያጣ ታሪክ ይቋረጣል። ሠዓሊው በየሳምንቱ 20 ገጽ ገደማ ማቅረብና በየሳምንቱ አንባቢን ማንጠልጠል አለበት። ለዚህ ከግጥሚያ የተሻለ ምን አለ? ውድድር ሲኖር ተጋጣሚ አያልቅም። ፍልሚያው በየመሀሉ እየተቆረጠ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል፣ ዳር የቆመው ሰው ስልቱን ያብራራል። በእውነተኛ ጁዶ ግጥሚያ ሦስት ሰከንድ የሚፈጀው ነገር በአኒሜ ሦስት ክፍል ይወስዳል። ይህን የሚያደርገው የማተሚያ ቤቱ ቀነ ገደብ ነው።

ከየት ከየት ተቀዳ?

ሁሉም ነገር ጃፓናዊ አይደለም። አኪራ ቶሪያማ በ1984 «ድራጎን ቦል»ን ሲጀምር አንዱ መነሻው የቻይናውያን የዝንጀሮው ንጉሥ ተረት ነው፤ ሌላው የጃኪ ቻን የኩንግፉ ፊልም ነው። «ናሩቶ» ውስጥ በክብ እየተራመዱ በመዳፍ የሚዋጉት የህዩጋ ቤተሰብ ሰዎች ስልታቸው ባጓጃንግ ከሚባለው የቻይና ጥበብ የተቀዳ ነው። አረንጓዴ ልብስ የለበሰው ሮክ ሊ ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ብሩስ ሊን ያስታውሳል። አዲስ አበባ ላይ በቪዲዮ ቤት ዘመን በሆንግ ኮንግ ፊልም ያደገው ትውልድና ዛሬ በስልኩ አኒሜ የሚያየው ልጁ ሳያውቁት ከአንድ ምንጭ እየጠጡ ነው።

«ዴሞን ስሌየር» ግን ከጃፓን ታሪክ ጋር ይበልጥ ይጠጋል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከ1912 እስከ 1926 በነበረው በታይሾ ዘመን ነው። ጎራዴ ታጥቆ መሄድ ጃፓን ውስጥ በ1876 በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ጀግናው ታንጂሮ ጎራዴውን ከፖሊስ መደበቅ አለበት። የእሱ ኃይል የሚመጣው ከአተነፋፈስ ነው፤ የውሃ እስትንፋስ፣ የእሳት እስትንፋስ ይባላል። ይህም መሠረት አለው። ጎጁ ሪዩ በሚባለው የካራቴ ዘርፍ ሳንቺን የሚባል ካታ አለ። ካታ ማለት በቅደም ተከተል ተይዞ የሚደጋገም የእንቅስቃሴ ድርድር ነው። ሳንቺንን የሚሠራው ሰው በጣም በዝግታ ይራመዳል፤ ሆዱን አጥብቆ በሚሰማ ድምፅ ይተነፍሳል፤ መምህሩ ትከሻውንና ጭኑን እየመታ ጥንካሬውን ይፈትሻል። ትንፋሽን ከምት ጋር ማስወጣት ወገብና ሆድን ያጠነክራል። ይህ እውነት ነው። ውሃውና እሳቱ የሠዓሊው ነው።

ከስክሪኑ ወደ ዶጆ

ወንዙ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይፈስም። አኒሜና ማንጋ እውነተኛውን ማርሻል አርት ለውጠውታል።

እዚህ ላይ አንድ ስም ይደጋገማል፤ ደራሲው ኢኪ ካጂዋራ። በ1968 የተጀመረውን «አሺታ ኖ ጆ» የተባለ የቦክስ ማንጋ የጻፈው እሱ ነው። የጆ ተቀናቃኝ ሪኪይሺ ክብደቱን ለማውረድ ራሱን ያስርባል፤ ጆን ያሸንፍና ይሞታል። በማርች 1970 ለዚህ በሥዕል ለተፈጠረ ሰው እውነተኛ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት፤ 700 ያህል ሰው ተገኘ። የካጂዋራ ሌላው ሥራ የኪዮኩሺን ካራቴ መሥራች ስለሆነው ማሱታትሱ ኦያማ ነው። ኦያማ ኮርያ ውስጥ የተወለደ፣ ከበሬ ጋር በመታገሉ የታወቀ ሰው ነበር። ማንጋው በ1971 ተጀመረ፤ እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ቀረበ። ውስጡ ግን ብዙ የተጋነነ ነገር ነበረው። ወጣቱ ወደ ኪዮኩሺን ዶጆዎች ጎረፈ። ኪዮኩሺን ያለ መከላከያ ሙሉ ኃይል የሚመታበት ዘርፍ ነው። ያ ማንጋ ባይኖር ይህ ዘርፍ እንዲህ ይስፋፋ ነበር ብዬ አላምንም።

ሦስተኛው ሥራው «ታይገር ማስክ» ነው፤ የነብር ጭምብል ስላጠለቀ የትግል ተወዳዳሪ። በ1981 ሳቶሩ ሳያማ የሚባል እውነተኛ ታጋይ ያንኑ ጭምብል አጥልቆ ሪንግ ላይ ወጣ። ሳያማ በኋላ ትርኢቱ አልበቃ አለው። ትግልንና ምትን ያቀላቀለ ሹቶ የተባለ ውድድር መሠረተ፤ ሹቶ ዛሬ ኤምኤምኤ ከምንለው ድብልቅ ፍልሚያ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ከወረቀት ወደ ትርኢት፣ ከትርኢት ወደ እውነተኛ ፍልሚያ።

ሴቶችም ድርሻቸውን አግኝተዋል። ናኦኪ ኡራሳዋ በ1986 ስለ አንዲት ወጣት ሴት ጁዶካ (የጁዶ ተጫዋች) «ያዋራ!» የተባለ ማንጋ ጀመረ። ያኔ የሴቶች ጁዶ ገና የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አይሰጥበትም ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ ሙሉ ውድድር ሲሆን ሪዮኮ ታሙራ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ብር አገኘች። ሕዝቡ በማንጋዋ ጀግና ስም ያዋራ ብሎ ጠራት። በ2000 እና በ2004 ወርቅ ወሰደች።

ስፖኮን፦ የጽናት ሃይማኖት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ካጂዋራ የገነነበት ዘርፍ ስፖኮን ይባላል። ስፖርትንና ወኔን ያጣመረ የታሪክ ዓይነት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተሰጥዖ ባይኖርህም፣ ከሌላው ይልቅ ከተሠቃየህ ታሸንፋለህ። ከተሸነፈ ጦርነት ተነስቶ ሌት ተቀን ለሚሠራ ሕዝብ ይህ ሐሳብ ገባው። ክፉ ሐሳብ ነው አልልም። ብዙ ልጅ ተስፋ እንዳይቆርጥ አድርጎታል። የ«ድራጎን ቦል» ልጆች የኤሊ ድንጋይ ተሸክመው ወተት ሲያድሉ፣ እርሻ በእጃቸው ሲቆፍሩ ማየት ደስ ይላል። ልምምድ ከሥራ እንደማይለይ ያሳያል፤ እውነተኛ ዶጆ ውስጥም ተማሪ ወለሉን በጨርቅ እያሸ ነው የሚጀምረው።

ችግሩ ሐሳቡ ወሰን ማጣቱ ነው። «ድራጎን ቦል» ውስጥ ዋናው ጀግና ጎኩና የእሱ ወገን የሆኑት ለሞት ተቃርበው ከዳኑ ኃይላቸው ይጨምራል። ሌላ ቦታ ጀግናው ራሱን ይስታል፤ የጓደኛውን ድምፅ ይሰማና ይነሳል፤ ያሸንፋል። ይህ ትዕይንት በሺህ መልክ ተደጋግሟል። የሰው አንጎል ግን እንዲህ አይሠራም። ራሱን የሳተ ሰው አንጎሉ ተናውጧል። ሳያገግም ሌላ ምት ካገኘው ሁለተኛው ምት ቀላል ቢሆንም ሊገድለው ይችላል።

ይህ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ታይቷል። ከ1983 ጀምሮ ባሉት ሠላሳ ያህል ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ተማሪዎች በጁዶ ምክንያት ሞተዋል። ብዙዎቹ ጀማሪዎች ነበሩ። ተደጋግሞ የተነሳው ስልት ኦሶቶ ጋሪ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ተጋጣሚህን ወደ ኋላ ትገፋዋለህ፣ የቆመበትን እግር ከኋላ በእግርህ ትጠርጋለህ፣ በጀርባው ይወድቃል። መውደቅ የሚያውቅ ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ምንጣፉን በክንዱ ይመታል፤ ጭንቅላቱ አይነካም። መውደቅ ያልተማረ የ12 ዓመት ልጅ ግን በኋላ ጭንቅላቱ ያርፋል። ጭንቅላቱ ባይነካም እንኳ ውርወራው አንጎልን በኃይል ሲወዘውዘው፣ አንጎልንና ሽፋኑን የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ልጁ ይነሳል። «ራሴን አመመኝ» ይላል። በስፖኮን ያደገ አሰልጣኝ «በርታ፣ ቀጥል» ይለዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው።

በአኒሜ ውስጥ አወዳደቅን ለማስተማር ጊዜ የሚሰጥ ታሪክ ብርቅ ነው። እውነተኛ ጁዶ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ወር ሥራ መውደቅ ነው። ይህን ለይቶ መጥቀስ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

«ካርቱን ገደለ» ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የጭካኔ ሥልጠና ከአኒሜ ይቀድማል፤ ከወታደራዊው ዘመን የወረደ ብዙ ነገር አለበት። ፈረንሳይን ደግሞ ተመልከቱ። ጃፓንን በተመዘገበ የጁዶ ተጫዋች ብዛት ትበልጣለች፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አሏት። ከጃፓን ቀጥሎ ማንጋ በብዛት ከሚያነቡ አገሮችም አንዷ ናት። እንዲህ ያለ የሞት ዝርዝር ግን የላትም። ልዩነቱ ያለው አሰልጣኙ ላይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ጁዶ ለማስተማር የመንግሥት ዲፕሎማ የሚጠየቀው ከ1955 ጀምሮ ነው። ጃፓን ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ የክለቡ ኃላፊ ጁዶ የነካካ ማንኛውም መምህር ሊሆን ይችል ነበር።

«አኒሜ ልጆችን ጠበኛ ያደርጋል» የሚለው ክስም በቀላሉ አይቆምም። የፍልሚያ አኒሜ አገር የሆነችው ጃፓን በወንጀል ብዛቷ በዓለም ዝቅተኞቹ ውስጥ ናት። ይህ አኒሜን ነጻ ያወጣል ማለት አይደለም፤ የወንጀል ምክንያት ብዙ ነው። ክሱ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ይፈልጋል።

ከዘርፉ ውስጥ የተነሳ ትችት መኖሩንም መርሳት አይገባም። ካጂዋራ ራሱ ሪኪይሺን ገድሎታል። ጆም በተደጋጋሚ ምት አንጎሉ ሲጎዳ እናያለን። ከ1989 ጀምሮ የሚታተመው «ሐጂሜ ኖ ኢፖ» የተባለው የቦክስ ማንጋ ጀግናውን አንጎሉ ተጎድቷል በሚል ስጋት ከሪንግ አውጥቶታል። ሠዓሊው ጆርጅ ሞሪካዋ የቦክስ ጂም አለው፤ የቦክሰኛ ጥግ ላይ ቆሞ ደም የጠረገ ሰው ነው። የተመታ ሰው ምን እንደሚሆን በቅርብ ያየ ሠዓሊ ሲሥል ታሪኩ ይለወጣል። ብዙ አንባቢ ተበሳጭቶበታል። እኔ ግን በዘርፉ ከታዩት ደፋር ውሳኔዎች አንዱ ነው እላለሁ።

ጃፓን ምን አደረገች?

በ2012 መንግሥት ቡዶን ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግዴታ አደረገ። ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ከጁዶ፣ ከኬንዶና ከሱሞ አንዱን ይመርጣሉ። ደጋፊዎቹ ሥነ ምግባርና ባህል ያስተምራል አሉ። የሟች ልጆች ወላጆችና ተመራማሪዎች ደግሞ በቂ አሰልጣኝ ሳይኖር እንዴት ግዴታ ይሆናል ብለው ተቃወሙ። ጫናው ሠርቷል። ጭንቅላት ስለተመታ ተማሪ የደኅንነት መመሪያ ወጣ፤ የሞቱ ቁጥርም ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቀነሰ።

ያው ዓመት ሳያልቅ 15 የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጁዶካዎች አሰልጣኞቻቸው እንደሚደበድቧቸውና እንደሚሰድቧቸው ለጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴ አመለከቱ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ነገሩ ይፋ ሲሆን ዋና አሰልጣኙ ሥራ ለቀቀ። ያዋራ የተባለችውን ጀግና በፍቅር የተቀበለው አገር እውነተኛዎቹን ሴት ጁዶካዎች እንዲህ ይይዝ ነበር። በ2022 ደግሞ የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ብሔራዊ የግል ውድድር ሰረዘ። ምክንያቱ ወላጅና አሰልጣኝ ልጆቹን በማንኛውም ዋጋ እንዲያሸንፉ መጫናቸው ነው። አንዳንድ አሰልጣኞች ጃፓን ሜዳሊያ ታጣለች ብለው አዘኑ። ውሳኔው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሕፃን ልጅ ውድድር ብሎ ክብደት ሲቀንስ ከማየት ሜዳሊያ ማጣት ይሻላል።

እኛ ጋ ሲደርስ

ካራቴ በ2021 ለተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ገብቶ ነበር። በፓሪስ አልነበረም፤ በ2028ቱ ሎስ አንጀለስም የለም። ስለዚህ አዲስ ተማሪ ወደ ካራቴ ክለብ የሚያመጣው ኦሊምፒክ መሆኑ እየቀረ ነው። የሚያመጣው ስክሪን ነው። ይህ ለአዲስ አበባም፣ ለዋሺንግተንም፣ ለቴል አቪቭም ይሠራል። በአማርኛ አኒሜ የሚተርኩ የዩቲዩብና የቴሌግራም ቻናሎች በዝተዋል። ልጁ የጀግናውን ምት ስም በጃፓንኛ ያውቃል፤ እዚያው ሰፈር ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ክለብ ሲያገኝ ይመዘገባል። መልካም ነው። ከስልኩ ተነስቶ ላብ ማውጣቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወላጅ አኒሜውን ከመከልከል ይልቅ ክለቡ ድረስ ሄዶ አንድ ቀን ልምምዱን ቢያይ ይሻላል። የሚታዩት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ጀማሪዎች መውደቅ ይማራሉ ወይስ በመጀመሪያው ሳምንት ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ይገባሉ? ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ ወይስ ባዶ ሲሚንቶ ነው? ትንሹን ልጅ ከማን ጋር ያጋጥሙታል? ልጅ «አመመኝ» ሲል አሰልጣኙ ያስቆማል ወይስ ይስቅበታል?

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ያን ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም፤ ደህና ነኝ ቢልም አይመለስም። ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም አንድ ወገን እጅና እግሩ ከደከመው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ይህንን አሰልጣኙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የማያውቅ ከሆነ ልጁን ወደ ሌላ ክለብ መውሰድ ነው።